በግዝት የቆመው ባቡር ጣቢያ

ሐሙስ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሣ ለባለቤቴ "የሥራ ጉዳይ ነው" አልኋት። ሥራ አልነበረም። የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ፣ በራሴ ገንዘብ ቲኬት ቆርጬ ወደ ጋይንት የምሄደው አንድ ግዝት ለማስፈታት ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን በቅየሳ ሥራ የጨረሰ ሰው ግዝት ላስፈታ ነው ብሎ ለሚስቱ መንገር ያፍራል። ደግሞስ ያስገዘተው ማን ሆነና! እኔው ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ዋናው የባቡር መስመር በጋይንት ደጋ ያልፋል፣ ከዚያም ወደ ስማዳና ወደ እስቴ የሚወርድ ቅርንጫፍ ይኖረዋል ተብሎ ጥናት ሲጀመር፣ የአንዱ ቀያሽ ቡድን ኃላፊ ነበርሁ። ከንፋስ መውጫ ወደ ደቡብ፣ ወይራ ሚካኤል የሚባል ደብር አጠገብ፣ ለጥ ያለ ሜዳ አገኘንና ለቅርንጫፉ የመጀመሪያ ጣቢያ ችካል መትከል ጀመርን። ቀን የተከልነው ችካል ሲነጋ የለም። መሬቴ ሊሄድ ነው ብሎ የሰጋው ገበሬ ይነቅለዋል፣ ማገዶ ያጣው ያነደዋል። አራት ቀን ስንተክል፣ አራት ቀን ሲነቀል ከረመ። አለቆቼ በስልክ ይጮኹብኛል። በመጨረሻ የቀጠርሁት የቀን ሠራተኛ "ኢንጂነር፣ ቄሱ ቢገዝቱልዎ ማንም አይነካውም" አለኝ።

ለቄሱ ሄጄ ነገርኋቸው። መምሬ ተገኘ ይባላሉ። "ነገሩ ቁርጥ ነው? ባቡሩ በዚህ ይመጣል?" ብለው ጠየቁኝ። "ቁርጥ ነው" አልሁ። ቁርጥ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ካርታ ነበር፤ አንዱ አማራጭ ሀ፣ ሌላው አማራጭ ለ ይላል፤ ወይራ ሚካኤል ያለው በአማራጭ ለ ላይ ብቻ ነው። በዚያው ላይ "ማረስም ችካሉን ያናጋዋል" ብዬ ጨመርሁ። መምሬ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው "ችካሉን የነቀለ፣ በችካሉ መካከል ሞፈር ያሳረፈ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን" ብለው ገዘቱ። ከዚያ በኋላ አንድ እንጨት አልተነካም። በዐሥራ አንድ ቀን ጨርሰን፣ በአራቱ ማዕዘን እንጨቱን በሲሚንቶ ችካል ተክተን፣ የበግ ሙክት ታርዶልን፣ ተመርቀን ወጣን። ጥቂት ወራት ቆይቶ አማራጭ ለ ተጣለ። ብዙም ሳይቆይ ጥናቱ በጠቅላላው ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ለወይራ ሚካኤል ሰዎች ግን ማንም አልነገራቸውም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርሁ።

አለመንገሬ ሳያንስ ወሬውን መሳቂያ አደረግሁት። ሥጋ ቤት ተቀምጠን ወግ ሲደርቅ "ባቡር በግዝት ያቆምሁ ብቸኛው ቀያሽ እኔ ነኝ" ብዬ እጀምርና ሰውን በሳቅ እገድላለሁ፤ የመምሬን አነጋገር ሳይቀር አስመስላለሁ። ባለፈው መጋቢት ለመስክ ሥራ ስንወጣ ምሳ ላይ ይህንኑ አወራሁ። ሁሉም ሳቀ። አዲሱ ሾፌራችን ሙሉቀን ብቻ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። ሂሳብ ከፍለን ስንወጣ ወደ ጎን ወስዶኝ፣

"ጋሼ፣ ያች ማሳ የአክስቴ ናት፤ እስከ ዛሬ አልታረሰችም" አለኝ።

"እያላገጥህብኝ ነው?"

"እውነቴን ነው። አሁን ደግሞ ቀበሌው ጦም ያደረ መሬት ብሎ ከስሟ ሊያወጣው ነው። እስከ ሰኔ ካልታረሰ ለሌላ ይሰጣል። ብታርስ ግዝቱ አለ፤ ባታርስ ቀበሌው አለ።"

አንድም የስድብ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመንገድ ላይ

የመጀመሪያው ቀን እስከ ባሕር ዳር ነው። ዓባይ በረሃን ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡ ነጋዴ ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ፤ "ዘመድ ጥየቃ" አልሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ ለምሳ ወረድን፤ ስልሳ ብር ከከፈልሁበት ጥብስ ግማሹን ተውሁት። አንድ ቀን ሳልሞላ ሁለት ሰው መዋሸቴን ያስተዋልሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዓርብ ጠዋት ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወረታ፣ ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ደብረ ታቦር። ከደብረ ታቦር ሌላ መኪና ይዤ የጉናን ግርጌ ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባ። ሰዎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። በግራም በቀኝም መሬቱ ታርሶ ተገልብጦ ዝናብ ይጠብቃል፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ አልፎ አልፎ ቀይ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ የሚያርፈው በተዳፋቱና በመታጠፊያው ላይ ነበር። ዛሬ ግን ያልታረሰ ማሳ አለ ወይ እያልሁ ስፈልግ ዋልሁ። ንፋስ መውጫ እስክንደርስ አንድም አላየሁም።

ንፋስ መውጫ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አልጋ ሁሉ ተይዞ ነበር። ከመናኸሪያው ጀርባ በመቶ ሃያ ብር አንድ ክፍል አገኘሁ። ሙሉቀን በስልክ "አክስቴን ነግሬያታለሁ፤ እንደምትመጣ ታውቃለች" አለኝ። ምን እንዳለች ጠየቅሁት። "ይምጣ አለች" አለኝ፤ ሌላ የለም።

ቅዳሜ፣ ጣቢያው

ጠጠር መንገዱን ይዛ ወደ ታች ጋይንት በኩል የምትወርደው ሚኒባስ ጢም ብላ ሞልታ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ረዳቱ በሩን በመዳፉ እየመታ "ጣቢያ! ባቡር ጣቢያ ወራጅ አለ?" ሲል ደነገጥሁ። ቀልድ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ። የሳቀ ሰው የለም። አንዲት ሴት ዶሮዋን አንሥታ "አለ!" አለችና ወረደች፤ ተከትያት ወረድሁ። ሠላሳ ብር ከፈልሁ። ከመንገዱ ዳር የጤና ኬላ ሰሌዳ ቆሟል፤ ከስሙ ሥር "ባቡር ጣቢያ ጎጥ" የሚል ተጽፎበታል።

ጣቢያው ይኸውና። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ መካከሉ ላይ አንድ ረጅም ሜዳ ሣሩን እንዳቆመ ተኝቷል። በአራቱ ማዕዘን የእኔ አራት የሲሚንቶ ችካሎች ቆመዋል፤ በቀይ ቀለም የጻፍሁባቸው ቁጥር ሳይቀር ይነበባል። ሰው የልቅሶ ድንኳን የሚጥለው፣ ቀበሌው ስብሰባ የሚጠራው፣ ሠርገኛ የሚጨፍረው በዚህ ሜዳ ላይ ሆኗል፤ ሌላ ያልታረሰ ሜዳ የለማ! በአንደኛው ጫፍ ጣሪያው የተገፈፈ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለ። ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ረጅም የጭቃ መደብ አለው። መደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አያ ፈንታ ይባላሉ፤ ቤቱን የሠሩት እሳቸው ናቸው።

"ሻይ ቤት ነበር" አሉኝ፤ ማን እንደሆንሁ ገና አላወቁም። "ተሳፋሪ ባቡሩን ሲጠብቅ ሻይ ይጠጣል ብዬ። መደቡን ያስረዘምሁት ለዚያ ነው። ብዙ ሰው ይመጣል ተባለና።"

"ሰው መጣ?"

"ኧረ መጥቷል! በመጀመሪያው ዓመት ኸስማዳ ድረስ እየመጣ ባቡሩ መቼ ነው እያለ ይጠይቅ ነበር። ሻይም ይጠጣ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቀነሰ። በሦስተኛው ቆርቆሮውን ነቅየ ሸጥሁት። ልጆቹ አሁንም አያ ፈንታ፣ ባቡሩ ሄደ ወይ ይሉኛል።" እየሳቁ ነው የሚያወሩት። "እኔስ ቆርቆሮ ነው የከሰርሁ። ይታይሽ ናት የተጎዳች። ባሏ በሞተ በዓመቱ ማሳዋ እንዳለ እዚህ ውስጥ ገባ። የሌሎቻችን ጥግ ጥጉ ነው የተነካ፤ የሷ ግን ጠቅላላው።"

ቀያሹ እኔ ነኝ ብዬ መናገር ነበረብኝ። እሳቸው ግን ፊቴን ትኩር ብለው አዩና በትራቸውን መሬት ላይ አስተካከሉ።

"አንተ ነህ አይዶል?"

"እኔ ነኝ አያ።"

"ወፍረሃል" አሉኝ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ይታይሽ ቤት መንገዱን በበትራቸው አሳዩኝ።

የሙሉቀን አክስት ወይዘሮ ይታይሽ ከሲታ፣ ረጅም፣ እጃቸው ከእንዝርት የማይለይ ሴት ናቸው። ጥጥ ፈትለው፣ ለገበያ ቀን ጠላ ጠምቀው ነው ሰባት ዓመት የኖሩት። "ደኅና ገባህ?" አሉኝ እንደ ማንኛውም እንግዳ፣ ቁርበት አነጠፉልኝ። ይቅርታ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

"የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ዘንድ ሄጄ ግዝት አለበት አልኋቸው። ግዝት በመዝገባችን የለም አሉኝ። መምሬ ዘንድ ሄድሁ። ያስገዘተኝ ሰው መጥቶ ቃሉን ካላነሣ በምን አፌ እፈታለሁ፣ ነገ ባቡሩ ቢመጣስ አሉኝ። እንግዲህ መጥተሃል። ነገ እሑድ ነው። ተናገርና ይፍቱልኝ። ሌላ ኻንተ የምፈልገው የለም።"

እሑድ፣ አውደ ምሕረት

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን መምሬ ተገኘ ጠሩኝ። ሰባት ዓመት አስረጅቷቸዋል፤ ጥምጥማቸው ሥር ያለው ፊት ግማሽ ሆኗል። "ይፍቱኝ አባቴ" ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። "እግዚአብሔር ይፍታህ" አሉና ወደ ሕዝቡ አዞሩኝ።

በአውቶቡስ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር። መንግሥት ጥናቱን ለወጠ፣ መስመሩ በሌላ በኩል እንዲሆን ተወሰነ፣ ዘግይቼ በመምጣቴ ይቅርታ። ይህን ተናገርሁ። ሐሰት የለበትም። መምሬ ግን ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

"ያን ጊዜ ቁርጥ ነው ብለኸኝ ነበር" አሉ በሕዝቡ ፊት። "ቁርጥ ነበር?"

የሰው ሁሉ ዓይን ፊቴ ላይ ነው። አያ ፈንታ ከፊት ቆመዋል።

"ነበር፣ አባቴ። በኋላ ነው የተለወጠው።"

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ዋሸሁ። መምሬ መስቀላቸውን አንሥተው ግዝቱን ፈቱ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ወይዘሮ ይታይሽ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በሁለት እጄ ያዝኋቸው። ሰውም ይመርቀኝ ጀመር፤ ከአዲስ አበባ ድረስ ለሰው ችግር ብሎ የመጣ፣ ልጅ ይውጣለት፣ እያለ። እንዲህ ያለ ምርቃት ጠላቴንም አይድረሰው።

ወይዘሮ ይታይሽ ቤታቸው ወስደው ዶሮ ሠርተው አቀረቡልኝ። የፋሲካ ሃምሳ ቀን አላለቀም ነበርና ጾም የለም። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያጎርሱኝ እየሳቁ እንዲህ አሉኝ፦

"ልንገርህ? ሰባት ዓመት የተቀየምሁት ሚካኤልን ነው። መንግሥትንም አይዶል፣ አንተንም አይዶል። ባሌን ወሰደ፣ ማሳየን በቤቱ ደጃፍ አስገዘተ፣ ምን በድየው ነው እያልሁ ኸቅጥሩ ውጪ ቆሜ ስመለስ ኖርሁ። ዝክሩን ተውሁት። ጥዋውን ለሌላ ሰው አሳለፍሁት። ዛሬ የመንግሥት ነገር መሆኑን ኻንተ አፍ ስሰማ ገባሁና ተሳለምሁት። ታረቅሁ።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። እጄን ታጠብሁና ሁለቱን ካርታ፣ አማራጭ ሀንና አማራጭ ለን፣ ለመምሬ ያልሁትን፣ ዛሬ ጠዋትም የደገምሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። አዲስ አበባ ላይ የሳቅሁበትን ብቻ ልተወው ነበር፤ እሱንም ጨምሬ ነገርኋቸው።

ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉ።

"ተነሥ" አሉኝ።

"ወዴት?"

"ለኔ ምን ያደርግልኛል! ቃሉን የተቀበሉህ መምሬ ናቸው።"

ከፊት ከፊት እየሄዱ፣ እኔ እንደ ተያዘ ሌባ ከኋላ እየተከተልሁ መምሬ ቤት ደረስን። መምሬ ከደጃፋቸው ሆነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ሰው ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ?" አሉኝ ቀስ ብለው። "ኸባቡሩ ሰዎች ብር ተቀብሎ የመበለት ማሳ ገዘተ ይሉኛል። ንስሐ ልጆቼ ኸሁለቱ በቀር ሌላ ቄስ ያዙ። ዛሬ ጠዋት እኮ በሰው ፊት የጠየቅሁህ ለዚያ ነበር። አውቀህ ዋሽተኸኝ እንደሁ ሰዉ እንዲሰማልኝ።"

መሬት መሬት አየሁ።

"ምድሪቱ ተፈትታለች፤ እሷ ምን አጠፋች" አሉ። "ያንተ ሌላ ነው። ነገ ደቦ ይወጣል፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገር። ችካሉንም የተከልህ አንተ ነህና አንተ ንቀለው። ሌላስ ቦታ እንዲህ አስገዝተሃል?"

"የለም፣ አባቴ" አልሁ።

ሰኞ፣ እርሻው

ስድስት ጥማድ በሬ ወጣ። ሰባት ዓመት ያደረ ሣር ሥሩ ማረሻ አላስገባ እያለ አንዱ ድግር ወዲያው ተሰበረ። ሰዉ ከመጀመሪያው ፈር በፊት ሲሰበሰብ ተናገርሁ። አማራጭ ምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝና በመጨረሻ "ባቡሩ በዚህ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፣ አውቃለሁ ብዬ መምሬን ዋሸኋቸው፣ ትናንትም ዋሸኋችሁ፣ እሳቸው ምንም አልተቀበሉም" ብዬ ጨረስሁ። የሰደበኝ የለም። አንዱ ገበሬ መምሬን ዞሮ አየና ቆቡን አወለቀላቸው። ሌላው ዶማ ሰጠኝ።

አራቱን ችካል ለመንቀል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብኝ። በእጄ ያቦካሁት ሲሚንቶ ነው፤ ጥሩ አድርጌ ሠርቼው ኖሯል። በሬዎቹ በአጠገቤ ሲያልፉ ገበሬዎቹ ጉድጓዴን ዞረው ያርሳሉ። እጄ ውሃ ቋጥሮ ሲፈነዳ አያ ፈንታ በጨርቅ አሰሩልኝ፤ "ቀያሽ ለካ መቆፈር አይችልም" ብለው ሰዉን አሳቁብኝ። በዚያን ቀን በሰው ፊት ቀና ብዬ የቆምሁት በዚያ ሳቅ ጊዜ ብቻ ነው። የኮሚቴው ሰው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ መጣ፣ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየ፣ "ታርሷል" ብሎ ጻፈና ሄደ። መሬቱ በይታይሽ ስም ቀረ።

ስሰናበታቸው ወይዘሮ ይታይሽ በሶ ቋጥረው ሰጡኝ። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ልጠይቃቸው አስቤ ፈራሁ። "በደኅና ግባ" አሉኝ እንጂ "ተመለስ" አላሉኝም።

መመለስ

ረቡዕ ማታ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ የታሰረ እጄን አይታ ደነገጠች፤ ሁሉንም ነገርኋት። ሰምታ ስታበቃ "እንግዲህ ቀለለህ" አለችኝ። ቀለለኝ አልኋት። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ የተማረውን ይናገራል፤ እኔም አንድ ገጽ ጽፌ ነበር፣ ስለ ቃል፣ ስለ እምነት፣ ስለ ገበሬው ትዕግሥት። ቀደድሁት።

ለመምሬ "የለም" ያልሁት ውሸት ነበርና። ወይራ ሚካኤል ላይ ዘዴው ስለሠራልኝ መስመሩን ይዘን ወደ እስቴ ስንወርድ በሁለት ደብር ደግሜዋለሁ። እዚያ ችካል ገና መነቀል እንኳ አልጀመረም ነበር፤ አስቀድሜ ነው ያስገዘትሁት። በመምሬ ደጃፍ፣ ያን ሁሉ ተናዝዤ፣ እነዚህን ሁለቱን ዋጥሁ። ምክንያቴን ብትጠይቁኝ የደከመኝ ይመስለኛል፤ እንደገና መዋረድ ታከተኝ።

ባለቤቴ ይህን የምታውቀው ስታነበው ነው። ከተመለስሁ ሁለት ወር አልፎኛል። በየሳምንቱ ዓርብ እሄዳለሁ እላለሁ፣ በየሳምንቱ አንድ ስብሰባ አገኛለሁ። አሁን ሐምሌ አጋምሷል፤ ደጋው ላይ ገብስ በቅሏል። በእነዚያ ሁለት ደብሮች የተገዘቱት ማሳዎች ግን ግዝታቸው አልተፈታምና ዘንድሮም ሳይዘሩ ቀሩ፤ የማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም።